ሁለት የአልጋ እግር፣ ሦስት ዋልያ

እኔ በዕድሜዬ ከገደልኩት ነገር ሁሉ ትልቁ ዶሮ ነው። እሱንም ቢሆን ክንፉንና እግሩን የያዘልኝ ሌላ ሰው ነበር፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ነው ቢላዋውን የሳብኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ላይ ስሜ ከሦስት ዋልያ ጋር ሲነሳ እንዳትደነግጡብኝ ብዬ ነው። የእኔ ድንጋጤ ለሁላችንም ይበቃል።

ሙያዬ ወጥ መሥራት ነው። አሁን ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ጠባብ ቁርስ ቤት አለችኝ፤ ከዚያ በፊት ግን አራት ዓመት ባሌ ውስጥ፣ የውጭ አገር አዳኞች በሚሰፍሩበት ካምፕ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። እነሱ ጫካ ለጫካ ሲንከራተቱ ይውላሉ፣ እኔ ሾርባ አሞቃለሁ። እዚያ አደን ሕግ አለው። ፈቃድ ይወጣል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ ከመንግሥት የተመደበ ተቆጣጣሪ ከአዳኙ ጀርባ አይጠፋም። የሚመታው ያረጀ ወንድ አጋዘን ነው፤ እሱም አንድ። ሴቲቱን የመታ ወየውለት! አቁስሎ ያመለጠውም እንደገደለ ይቆጠርበታል። ስለዚህ አብዛኛው አዳኝ ሲያነጣጥር ውሎ ሳይተኩስ ይመለሳል፣ እኔም ሾርባዬን እንደገና አሞቃለሁ።

ሥራውን ልለቅ በተቃረብኩበት ሰሞን ማርጋሬት የሚሏት አንዲት ፈረንጅ መጣች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት በፈረስ ነበር የምትወጣው። መነጽሯን ጠርጋ፣ በአንድ ጥይት አንድ ሽማግሌ አጋዘን ጣለች። ሆኖም ከሁለቱ ቀንዶች የአንደኛው ጫፍ ተሰብሮ ተገኘና "ይህንንማ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም" አለች። ለሾርባዬ ማመስገኛ ብላ ሁለቱንም ማኅተም ካረፈበት የፈቃዱ ቅጂ ጋር ለእኔ ተወችልኝ። ከክንድ የሚረዝሙ፣ ጥምዝምዝ ያሉ ቀንዶች ናቸው። ምን እንደማደርጋቸው ባላውቅም እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና ተሸክሜያቸው ጎንደር ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ይታይሽን ወደድኩ። ይታይሽ ነርስ ናት፤ የተግባባነው እኔ ቤት ፉል እየበላች ነው። ሙያዬን ጠንቅቃ ታውቃለች፣ አትንቀውምም። ችግሩ አባቷ ነው። አያ ደርበው የሚኖሩት ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ሌላው አባት "ልጁ የማን ዘር ነው? ምን ሥራ አለው?" ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጁ ምን ገድሏል?"

ሽማግሌዎቼ ተያዩና "አደን ላይ ነው የኖረው" ብለው መለሱ። ውሸት አይደለም፤ ወጥ ቤቱ የነበረው አደን ላይ ነው። አያ ደርበው ደስ ብሏቸው "ሸጋ! እንግዲያ ቃል ልናስር ሲመጣ ግዳዩን ይዞ ይምጣ፤ ዘመድ አዝማድ ይየው" አሉ። ግዳይ ማለት የተገደለው አውሬ ምልክት ነው፤ ቆዳውም ይሁን ቀንዱ። ባይዝስ ተብለው ሲጠየቁ "ከዶሮ በቀር ያልገደለ ወንድ፣ ልጄን አያገባም" አሉ አሉ። ስለ ዶሮው ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ባሌ ላይ ከፍለህ ትገድላለህ። ሰሜን ተራራ ላይ ገድለህ ትከፍላለህ፣ ያውም በእስር። አያ ደርበው ቤት ደግሞ ካልገደልክ ሚስት የለህም። አንድ አገር ውስጥ ሦስት ሕግ፣ ሦስቱም በእኔ ላይ!

በጉዞው ዋዜማ ቀንዶቹን ለሐጂ ኑሩ አሳየኋቸው። ሐጂ ከአባታቸው በወረሱት ሱቅ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት የእኔ ደንበኛ ናቸው። ፉላቸውን ገፋ አድርገው አዩዋቸው።

"ይህን እዚሁ ተወው" አሉኝ።

"ፈቃድ አለው እኮ፣ ሐጂ።"

"የባሌ ፈቃድ ነው። የጃናሞራ መንገድ በሰሜን ተራሮች ፓርክ መሀል ነው የሚያልፍ። እዚያ እንኳን ቀንድ ይዘህ፣ ድንጋይ ብትወረውር ለማን ወረወርክ ትባላለህ። ቢያንስ ማዘዋወሪያ ወረቀት አውጣለት።"

"ነገ ጠዋት እኮ ነው የምሄደው!"

"እንግዲያ ትኬትህን መመለሻውንም ጨምረህ አትቁረጥ" አሉና ሳቁ። ቀጥለውም "አባቴ ድሮ፣ ሳይከለከል፣ የነብር ቆዳ ይሸጥ ነበር። ሠርግ ሲደርስ የደጋው ጎበዝ ሁሉ ተሸፋፍኖ ይመጣል። ጠዋት ይገዛል፣ ከሰዓት በኋላ ገዳይ ነው! አባቴ የሱቁን ቆዳ የሚለይበት ምልክት ነበረው፤ ከጅራቱ ሥር በቀይ ክር ሦስት ጊዜ ይሰፋበታል። እኔ ዛሬም ሰው ቤት ተጠርቼ ስሄድ ክሩን አያለሁ" አሉ።

"ታዲያ ምን ይላሉ?"

"ምን እላለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ።"

እኔ ግን የታየኝ የይታይሽ ፊት ብቻ ነበር። የፈቃዱን ወረቀት እንዳይጠፋብኝ ጠቅልዬ፣ ደህነኛው ቀንድ ውስጥ እስከ ታች ሰገሰግኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ብልሃት አስቤ አላውቅም ብዬ ኮራሁ። ሁለቱንም በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ተሳፈርኩ።

እስከ ደባርቅ ሰላም ነበር። ደባርቅ ላይ የጃናሞራውን አውቶቡስ ይዘን ፓርኩ በር ስንደርስ አንድ ጠባቂ ወደ ውስጥ ገባ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ ወርዷል። የየሰውን ዕቃ በእግሩ ጫፍ እየነካ መጥቶ የእኔ ከረጢት ላይ ቆመ።

"ምንድን ነው?"

ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

"የአልጋ እግር ነው።"

በእግሩ ነካው። ተንቋቋ።

"አልጋ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው?"

"ሁለቱ… ቀድመው ሄደዋል።"

ትክ ብሎ አየኝ። እኔ በመስኮት የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ እንደማይ ሆንኩ፤ ከመስኮቱ ውጭ ግን የነበረው አንድ የቆመ በርሜል ነው። ጠባቂው "እሺ" አለ። "እግዜር ይስጥልኝ" ልል አፌን ስከፍት ኮፍያውን አወለቀና አጠገቤ ተቀመጠ። "ተራዬ አልቋል። እኔም መካነ ብርሃን ነኝ፤ ዘመድ ቤት ድግስ አለብኝ።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ! ሳንቃበርን አለፍን፣ ወደ ቧሂት ተራራ ሽቅብ ተያያዝነው፤ ጭጋጉ መስኮቱን አልብሶታል። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ከረጢቱ ከእኔ እግር ወደ እሱ እግር ይንከባለላል፤ እኔ በተረከዜ እጎትተዋለሁ። እሱ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፣ ማውራት ይወዳል። ስሙ ባየው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ዋልያ ሲጠብቅ ኖሯል።

"በመልክ ነው የምናውቃቸው" አለኝ። "አንዷ ስትጠፋ ገደል ለገደል ወርደን እንፈልጋለን። ባለፈው ክረምት ጓደኛችን ወድቆ እግሩን ሰብሯል።"

"ለአንድ ፍየል?" አልኩ፣ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

"ፍየል?" አለና እስከ መካነ ብርሃን አላናገረኝም።

ወረድኩ። እሱም ወረደ። በግራ በኩል ሄድኩ፣ እሱም በግራ በኩል። ጅረቷን ተሻገርኩ፣ ተሻገረ። የአያ ደርበው ግቢ በር ላይ ስደርስ ዞር ብል ከኋላዬ ቆሟል። ይታይሽ ከቤት ወጥታ መጣችና እኔን ትታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"የአክስቴ ልጅ ነው! ተዋወቃችሁ?"

"ተዋውቀናል" አለ ባየው፣ ከረጢቱን እያየ። "አልጋ ሠሪ ነው።"

ይታይሽን ጥግ ስቤ ነገሩን ስነግራት ፊቷ ልውጥ አለ። "ቀንዱን ደብቀው። እኔ ለአባዬ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ" አለችኝ። የት ልደብቀው? ይህን ስንባባል ከረጢቱ ከእጄ ወጥቶ በአንዱ ጎረምሳ ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ ገብቷል። አያ ደርበው ናቸው ያዘዙት።

ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ሽማግሌዎቼ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ከአያ ደርበው መደብ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ የነብር ቆዳ ተንጣሏል። የቤቱ ጌጥ እሱ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ነብሩን አያ ደርበው በጎልማሳነታቸው፣ በሠርጋቸው ዋዜማ፣ በጦር ብቻ እንደገደሉት ነገሩኝ። ቆዳው ላይ የጦር ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁ። ሥጋት ሲይዘኝ የማይረባ ነገር ላይ ዓይኔ ይተከላል፣ ዓመሌ ነው።

ምግቡ ሊያልቅ ሲል አያ ደርበው ብድግ አሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ሲቆሙ ግን ቤቱ ይጠባል። ከረጢቱን ፈተው ሁለቱን ቀንዶች ከፍ አደረጓቸው። ሰዉ "ኧረ ጉድ!" አለ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ጠምዛዛ ቀንድ ታይቶ አይታወቅም። እኔ ያየሁት ባየውን ነው። ጉርሻውን ከአፉ ደጃፍ አቁሞ ይመለከተኛል። "የአልጋ እግር" ሲል ከንፈሩን አነበብኩ።

"ገዳይ በግዳዩ ቀንድ ይጠጣል!" አሉ አያ ደርበው፤ "ኮረፌ ሙሉበት!"

ኮረፌ የደጋው ወፍራም ጠላ ነው። ጫፉ የተሰበረው ስለሚያፈስ ደህነኛውን ሞሉት። ወረቀቱ! ፈቃዴ! "አያ፣ እኔ እንኳን በጣሳ…" ብል ማን ሰምቶኝ! ሰዉ ያጨበጭባል። መልሼ ብሰጥ ሌላ ሰው ይጠጣውና ወረቀቱን ያወጣዋል፣ ፈረንጂቷም ትወጣለች። ስለዚህ ጠጣሁ። እንዴት ያለ ኮረፌ ነው! ኮረፌ ኮረፌም፣ ቀለም ቀለምም ይላል። መጨረሻው ላይ አንድ እርጥብ ነገር ከንፈሬን ነካኝ፤ በምላሴ መልሼ ወደ ውስጥ ገፋሁት።

"በል እንጂ!" አሉ አያ ደርበው። "ፎክር! የት እንደገደልክ ይሰማ!"

ፉከራ ቦታ ካልተጠራበት ፉከራ አይደለም። ባሌ ብል ማን ያውቃል? አጋዘን ብል ማን ይደነግጥልኛል? ይታይሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማ በጭንቅላቷ "ተው፣ ተው" ትለኛለች። ኮረፌው በበኩሉ "ምን አባቱ!" ይለኛል። አንድ ልብ ያለው ሰው ይታይሽን ይሰማ ነበር። እኔ በር ላይ ከቆመ ጎረምሳ ዱላ ነጥቄ መሀል ገባሁ።

"ዘራፍ! ዘራፍ!
ቧሂት አፋፉ ላይ ተኝቼ በደረት፣
ዋልያውን ያወረድኩ በአንዲቷ ጥይት!"

ቀንዱ አንድ ግዳይ፣ ዋልያው ሌላ ግዳይ መስሏቸው ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አያ ደርበው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባየው እጁን ታጠበ፣ በመሀረቡ አደረቀ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ።

"ድገመው እስቲ" አለ።

እኔ ሞኙ ጥሞት መሰለኝ! ዘመድ አይደለም እንዴ? ደስ ብሎኝ ደገምኩት፤ ሲደገም ደግሞ ማሳመሪያ ያስፈልገዋል ብዬ "ዋልያውን" የነበረውን "ሦስቱን ዋልያ" አደረግኩት።

ባየው ከኪሱ ኮፍያውን አውጥቶ ጭንቅላቱ ላይ አደረገ።

"አያ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። "በዘመድነት ነበር የመጣሁት። ኮፍያዬን ካደረግኩ ግን ሥራ ላይ ነኝ።" ማስታወሻ ደብተሩን ከፈተ። "ሦስት ነው ያልከው? መቼ? ሥጋውን የት ጣልከው?"

 እኔ ሳቅሁ፤ ብቻዬን።

"ፉከራ እኮ ነው፣ ወንድም ባየው። ፉከራ ላይ ማን እውነት ይናገራል?"

"ምን አልክ?" አሉ አያ ደርበው ከኋላዬ። ድምፃቸው ጥሩ አልነበረም። እዚያ ቤት ፉከራ ውሸት ነው ማለት ሰማዩ ወረቀት ነው እንደማለት ነው። "እኔ በፉከራዬ የዋሸሁበት ቀን የለም። አንተ ዋሽተሃል?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ገድያለሁ ካልኩ ወህኒ። አልገደልኩም ካልኩ ይታይሽ የለችም። በሁለቱ መሀል የምቆምበት ስንዝር መሬት አልነበረም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ባየው እንደ ማመን ቆጠረውና ስልኩን ይዞ ወጣ።

እዚያ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮ ያለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ባየው ወጣበት። ቀፎውን ወደ ሰማይ እያነሳ ዞረ፣ ዞረ። የእኔ ዕድሜ በኔትወርክ ላይ ተንጠለጠለ። በሕይወቴ ሙሉ ኔትወርክ ጠፋ ብዬ የረገምኳቸውን ሁሉ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ዛሬ ብቻ ይጥፋ። መጣ!

"ሃሎ! አዎ፣ ቧሂት… ሦስት! አዎ፣ ሦስት ነው የሚለው። ጠባቂዎቹ ገመድ ይያዙ። አውቃለሁ ጭጋግ ነው፤ ቢሆንም አፋፉን ከሥሩ እስከ ላይ ይፈልጉ፣ የቆሰለ ሊኖር ይችላል…"

ኮረፌው በአንዴ ከላዬ ላይ በነነ። በጭጋግ ውስጥ በገመድ ገደል ሊወርዱ ነው፣ እኔ በዓይኔ እንኳ አይቼው ለማላውቅ ዋልያ። አውቶቡሱ ላይ ጓደኛው ስለሰበረው እግር የነገረኝ ትዝ አለኝ። አንድ ሰው በእኔ ፉከራ ቢወድቅስ? በይታይሽ መቅረት አለቅሳለሁ፣ ያልፋል። ያኛው አያልፍም።

ወደ ድንጋዩ ሮጥኩ። ድግሱ በሙሉ ተከትሎኝ ወጣ።

"ባየው! በለው ይመለሱ! አልገደልኩም! ዋልያ አይቼም አላውቅም! እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ!"

"ምንድን ነህ?" አሉ አያ ደርበው።

"ወጥ ሠሪ።"

"የምን ወጥ?"

"የማንኛውንም፣ አያ። የጾምም የፍስክም።"

ከሰዉ መሀል አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ባየው ግን ከድንጋዩ አልወረደም።

"የተያዘ ሁሉ እንዲህ ነው የሚል። ያለፈው ከነሥጋው ተይዞ ዲያቆን ነኝ ብሎኛል። ቀንዱ ታዲያ የማን ነው? የዋልያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከየት አመጣኸው?"

"ፈቃድ አለው! ቀንዱ ውስጥ!"

ቀንዱ መጣ። ገለበጥነው፤ የኮረፌ ዝቃጭ ወረደ። ባየው በእንጨት ጎርጉሮ ጎርጉሮ አንድ የላሸቀ ነገር አወጣና ድንጋዩ ላይ ዘረጋው። ግማሹ ታጥቧል። ዘረጋግቶ እያየ "ማኅተም የለውም" አለ።

"ነበረው! ሐምራዊ ክብ ማኅተም!"

"ታዲያ የት ሄደ?"

የት እንደሄደ ማንም አላወቀም። ያኔ ይታይሽ ሰዉን እየገፋች መጣች። አገጬን ያዘችና፣ ክሊኒክ ለበሽተኛ በምትናገርበት ድምፅ "ምላስህን አውጣ" አለችኝ። አወጣሁ። "እዩ" አለች።

ምላሴ ሐምራዊ ሆኗል። ባየው ከድንጋዩ ወርዶ አየ። ሽማግሌዎቼ አዩ። ከዚያ መንደሩ ተራ ይዞ አየ፤ አንድ አዛውንት እንዲያውም መነጽራቸውን ከቤት አስመጥተው አዩ። እኔ ምላሴን አውጥቼ፣ አማቼ ሊሆኑ በነበሩት ሰው ጓሮ ቆሜያለሁ። ከዚህ የባሰ ውርደት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነበረ።

ባየው ያልታጠበውን ግማሽ ጮክ ብሎ አነበበ።

"አንድ ወንድ አጋዘን። ባሌ። ፈቃድ የተሰጠው… ስሙ ጠፍቷል… ጾታ፣ ሴት። ዕድሜ…" ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረ። "ሰባ ሦስት።"

"ሰባ ሦስት?" አሉ አያ ደርበው። "ሴት?"

"አዎን፣ አያ" አልኩ። "ጉልበቷንም ያማታል።"

ይህን መጨመር አልነበረብኝም።

ባየው ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ደወለና ሰዎቹ ከመንገድ እንዲመለሱ አደረገ። ገና አፋፉ አልደረሱም፤ ተመስገን! ቀንዶቹ ማዘዋወሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ከእሱ ጋር እንደሚወርዱ፣ እኔም ለጥያቄ ደባርቅ እንደምቀርብ ነገረኝ። "የባሌ ወረቀት እዚህ ቀንድህን አያስገባልህም። ይህን ጎንደር ሳለህ አንድ ሰው ሊነግርህ ይገባ ነበር" አለ። ስለ ሐጂ ኑሩ ዝም አልኩ። ዋናው ፍርድ ግን ገና ነበር።

ተመልሰን ገባን። ማንም አልተቀመጠም። አያ ደርበው ወደ መደባቸው ወጥተው፣ እጃቸውን የነብሩ ቆዳ ላይ ጫኑ። ይታይሽ እጄን ያዘችኝ። እኔ ከዚያች እጅ ጋር ልለያይ ነው ብዬ እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

"ጎበዝ፣ ስሙኝ" አሉ። "እኔ በሠርጌ ዋዜማ ይህን አውሬ ጥዬ ነው እናቷን ያገባሁ። በዚህ ቆዳ እምላለሁ፣ ልጄን አሮጊት ለገደለችለት ወጥ ሠሪ…"

ሲምሉ ቆዳውን ጨብጠው ሳብ አደረጉት። ጅራቱ ከግድግዳው ተላቆ ወደ እኔ ዞረ። ከሥሩ፣ የደበዘዘ ቀይ ክር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስፌት።

አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ኑሩ ታወሱኝና መልሼ ዘጋሁት። አያ ደርበው ግን ዓይኔ የት እንደወደቀ አዩ፤ ጅራቱን ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው አዞሩት።

"አያ" አለ ባየው በጨዋ ድምፅ። ያንን ቆዳ ከልጅነቱ ጀምሮ በዘመድነት ሲያየው ኖሯል፤ ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ግን ኮፍያውን አላወለቀም። ደብተሩን አዲስ ገጽ ላይ ገለጠ። "ከተነሳ አይቀር፣ ይህኛውስ ወረቀት አለው? የት ቦታ ነው የገደሉት?"

ቤቱ ሙሉ ሰው ወደ አያ ደርበው ዞረ። አፋቸውን ከፈቱ። ስንት ዓመት የፎከሩበት ገደል ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደደረሰ አየሁት፤ የባየውንም እርሳስ አዩት። ዘጉት። ወደ ጅራቱ አዩ፣ ወደ ዘመዱ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ የማውቀውን አልናገርም ለማለት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

"ጥቂት ታገሰኝ፣ ባየው" አሉና ከመደባቸው ወረዱ። ሰዉን ከፍለው መጡ፤ አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ ክንዴን ይዘው እኔንም አስቀመጡኝ። እስከዚያች ደቂቃ "አንተ" ብለው ብቻ ነበር የጠሩኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ። "ይታይሽ ያንተው ናት፤ ሠርጉ በጥር ነው። እንዲያው ግን… ያቺ ሴትዮህ ከነወረቀቱ ነብር ገድላ አታውቅም?"